ባይመጣ የሚከፋው ሰው

የአገሬን ስም አልጠራም። ስሟን የጠራ ሰው «የት ናት?» ሲሉት ማስረዳት አለበት፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት አልችልበትም። የምችልበት በር መክፈትና በር መዝጋት ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት የብርድ ቤቱ በረኛ ነበርኩ። አሁን አይደለሁም። ለምን እንደቀረሁ የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ ሲያልቅ እንደምታዩት የሚያስመሰግን ነገር አልሠራሁም።

ብርድ ቤቱ ከከተማችን በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ውስጡ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ነው። እዚያ የሚቀመጠው የሰው ዘር ነው። ልጅ የሚፈልግ ግን ዛሬ የማይሆንለት፣ ወይም ዛሬ የሚሆንለት ግን ነገ እንዳያጣው የፈራ ሰው ኮረብታውን ወጥቶ ይመጣል። ከወንዱ የወንዱ፣ ከሴቷ የሴቷ ይወሰድና አውራ ጣት በምታህል ብልቃጥ ይቀመጣል። የቤቱ ሐኪሞች ዋስትና አይሰጡም፤ «ብርድ ያቆያል እንጂ አይወልድም» ይላሉ። ያም ሆኖ ከዓመታት በኋላ ብልቃጣቸውን ወስደው፣ ከዚያ ደግሞ ልጅ አዝለው በእኔ በር በኩል ለምስጋና የተመለሱ ብዙ ናቸው። እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩላቸው።

የወንዶቹ ጉዳይ የአንድ ጠዋት ነው። ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ምሳውን ቤቱ ይበላል። የሴቶቹ ግን እንዲህ አይቀልም። እንቁላላቸው እስኪደርስና እስኪለቀም ድረስ መርፌ እየተወጉ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይህችን አሥራ ሁለት ቀን አትርሱብኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእሷ ላይ ነው የቆመው።

ቤቱ ሁለት መስኮት አለው። አንደኛው «ላልቸኮሉ» ይላል። ወደዚያ የሚሄዱት ጤነኞቹ ናቸው፤ ትምህርቴን ልጨርስ፣ ሹመቴን ላግኝ፣ የምወደው ሰው እስኪገኝ ልቆይ የሚሉ። ያልቸኮለ ሰው ስለማያስቸግር ወዲያው ይስተናገዳል። ሁለተኛው መስኮት «ለቸኮሉ» ይላል። ወደዚያ የሚሄዱት ሕመም የያዛቸውና ሕክምናው ዘራቸውን እንዳያጠፋባቸው የሚሽቀዳደሙ ናቸው። የችኮላ ጉዳይ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ሰልፉ ረጅሙ እሱ ነው። ከመስኮቱ በላይ በትልልቅ ፊደል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል ተጽፏል። እዚያ የተቀመጠው ሹም የሹመት ስሙ የቀስታ ሹም ይባላል። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ በአዲስ ዓይን ለማየት ሲል በማግስቱ ነው የሚያነበው።

ከሁሉ የከበደው ግን የተቆርቋሪ ሕግ ነው። አመጣጡ ደግ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ገዥ ብርድ ቤቱን ሊጎበኝ ገብቶ፣ ጠያቂ ያጡ ብልቃጦች በመደዳ ተደርድረው አየ። ሆዱ ባባ። ሲወጣ ዓይኑን እየጠረገ «ባይመጣ የሚከፋው ሰው የሌለው ልጅ እዚህ ብርድ ውስጥ አይጠብቅ» አለ። ሰውዬው የተናገረው ከሐዘኑ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ግን አጠገቡ ስለነበሩ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ዘሩን የሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ያ ልጅ ሳይመጣ ቢቀር ከልቡ የሚከፋውን አንድ ሰው ይዞ መምጣት ግዴታው ሆነ። ያ ሰው ተቆርቋሪ ይባላል።

ባለጉዳዩ ራሱ ተቆርቋሪ መሆን አይችልም፤ የራስ ሐዘን ጥቅም ስላለበት አይቆጠርም። አንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚቆረቆረው። መከፋቱም በወሬ አይታመንም፤ ሐዘን መዛኝ የምትባል ሹም አለች፣ እሷ ታየዋለች። አንድ ጊዜ ዘመድ የሌለው ወታደር በቅሎውን ይዞ መጣ። በቅሎዋ አንገቷን ደፍታ ትክዝ ብላ ቆመች። መዛኟ ዞራ አይታ «ሐዘኑ እውነተኛ ነው» ብላ መሰከረች፤ ነገር ግን በቅሎ መፈረም ስለማትችል ወታደሩ ከነበቅሎው ተመለሰ።

ሕጉ እንዲህ ሲሆን የከተማችን ሰው ምን አደረገ? ድግስ አደረገበት። ጤነኛዋ የሹም ልጅ ለወደፊቱ ዘሯን ልታስቀምጥ ስትል ሠላሳ ተቆርቋሪ ታስከትላለች፤ አንድ ይበቃል፣ ግን ሠላሳ ያምራል። ሰዉም በየሠርጉና በየግብዣው እየተነሳ «እኔም ይከፋኛል! እኔም ይከፋኛል!» እያለ አንዲቷን መከፋቱን አስመዘገበ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ ቀን የቸገረው ሰው ሲመጣ በከተማው ውስጥ ያልተሰጠ ሐዘን የቀረው ሰው ከጣት ቁጥር አልበለጠም።

ከእነዚያ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ያም በደግነቴ ሳይሆን በመሐላዬ ነው። የብርድ ቤት ሠራተኛ ሲቀጠር «አይከፋኝም፣ አይደንቀኝም» ብሎ ይምላል። የከፋው ይሰናበታል። እኔ በበሩ አጠገብ ካለች ክፍል ነበር የምኖረው። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ከዚያ በር ውጭ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ የመጣችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ጃንጥላ ሰፊ ናት። አገራችን እምብዛም አይዘንብባትም፤ ሹማምንቱ ግን ያለ ጃንጥላ ከቤት ስለማይወጡ የጃንጥላ ሰፊ ሥራ አይጠፋም። ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ ስታወራ ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። ለቸኮሉ በተባለው መስኮት ተሰለፈች። ከበሩ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር።

«ሕመሙ የት ነው?» አላት የቀስታ ሹም።

«ጡቴ ላይ።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እሳት ውኃ ይጀመርልሻል አለኝ። ሕመሙን ያቃጥለዋል። ዘሬንም አብሮ ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ በፊት አስቀምጪ ብሎኛል።»

«አለሽ እንጂ አላዘዘሽም።»

«አላዘዘኝም።»

«እንግዲያው የራስሽ ፍላጎት ነው ማለት ነው።» ጻፈ። «ባል አለሽ?»

«ሊያገባኝ የነበረ ሰው አለ።»

«አለ ወይስ ነበር?»

«እስከ ረቡዕ ነበር።»

የቀስታ ሹም «እስከ ረቡዕ» ብሎ ጻፈና ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀ። «ተቆርቋሪሽ ማነው?»

«እኔ አለሁ አይደል ጌታዬ? ከእኔ በላይ ማን ይከፋዋል?»

«አንቺማ ባለጉዳይ ነሽ። የአንቺ አይቆጠርም። ሰው ይዘሽ ነይ።»

«መርፌው አሥራ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ማክሰኞ ካልተጀመረ አይደርስልኝም።»

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» አላት። ሲያሾፍ አይደለም። የቀስታ ሹም ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ የምር የሄደ እንቁላል ያየ ይመስለው ነበር።

ወጥታ በበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት ስለነበር ዳቦዬን ለሁለት ቆርሼ ግማሹን ሰጠኋት። ይህ በመሐላው አልተከለከለም፤ በኋላ አረጋግጫለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጣች፤ ያልተሳካ ተቆርቋሪ ሁሉ በዕለቱ መመዝገብ ስላለበት ነው። ቤቱ እሑድም ይሠራል። እናም በየቀኑ ዳቦዬን ቆረስኩ፣ እሷም የደረሰባትን ነገረችኝ።

መጀመሪያ የሄደችው እስከ ረቡዕ ሊያገባት ወደነበረው ሰው ነው። ስሙ ይርዳው ይባላል። ይርዳው በር ላይ ቆሞ ነው ያነጋገራት።

«ትርንጎ፣ እኔ መጥፎ ሰው አይደለሁም» አላት። «ግን አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ነገ ሌላ ሴት ባገባና ተቆርቋሪ ሁነኝ ብትለኝ ምን ልላት ነው?»

«አሁኑኑ ሌላ አገኘህ እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

ይህን ስትነግረኝ ሳቅ አለች። ሳቋን እንደጀመረች ተወችው።

እሑድ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ፈንታው ሄደች። ፈንታው ይወዳታል፤ እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ሐዘኑንም ለማንም አልሰጠም ነበር። ትርንጎ ነገሩን ስትነግረው ግን ተነስቶ ክፍሉን ይዞር ጀመር።

«እኅት ዓለሜ፣ አንቺ ብቻ ዳኚልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን። ያልተወለደ ልጅ ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። እዚያ ሄጄ ሹም ፊት አልቅሼ፣ ልቅሶው አንቺ ላይ ቢያርፍስ?»

«ፈንትሽ፣ እኔ የምድነው ለምን ብዬ ነው? ድኜ ማንን ላገኝ ነው?»

«እኔን አታገኚም?»

«አንተ አምስት ልጅ አለህ። ስመጣ ‹አክስቴ መጣች› ብለው በር ይከፍቱልኛል፣ ስሄድ በር ይዘጋሉ። እቤቴ ስገባ የሚከፍትልኝ የለም።»

ፈንታው አለቀሰ። «አላለቅስም፣ አላለቅስም፣ በኔ ምክንያት አትሞቺም» እያለ አለቀሰ። ያን እንባ መዛኟ ብታየው ከበቂ በላይ ነበር። ነገር ግን ያለቀሰው እቤቱ ነው፤ ኮረብታውን አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት አስካለን ጠየቀች። አስካለ በጃንጥላ መስፊያው ቤት ከጎኗ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። አስካለ ነገሩን እንደሰማች መርፌዋን አስቀምጣ ራሷን ያዘች።

«ሰጥቻለሁ እኮ! አንድ ድግስ ላይ ሁሉም ሲነሳ ተነስቼ ሰጥቻለሁ። ለማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ጠጁ ጥሩ ነበር።» ከዚያም ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰችላት። ግን የአስካለ እንባ ከዚያ ወዲያ የማይቆጠር እንባ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ትርንጎ ይህን አስመዝግባ ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የቀራት አንድ ቀን ነው። ዳቦውን በእጇ ይዛ አልበላችውም። ሰልፈኛው ተበታትኖ ነበር፤ ግቢው ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እርስዎ የእርስዎን ለማን ሰጡ?»

«ለማንም አልሰጠሁም።»

«ምነው?»

«የጠየቀኝ የለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ብትጠይቀኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ መሐላ አለብኝ» ልላት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ቁልፌን አየች፣ በስተኋላዬ ያለችውን ክፍሌን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ ዳቦው መለሰች። «ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት» አለች። እኔ ያን ጊዜ እፎይ አልኩ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ እፎይ ማለቴን ግን አልረሳሁትም።

ማክሰኞ ጠዋት የማመልከቻ ወረቀቷን ልትመልስ መጣች። ሰው አልያዘችም። ሰልፉ ላይ ስትቆም ከኋላዋ አየኋት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። እምቢ ለመባል ያን ያህል መሰናዳቷ አንጀቴን በላው። ቁልፉን ከበሩ ምስማር ላይ ሰቀልኩና ሰልፉን አልፌ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«የዚህች ልጅ ተቆርቋሪ እኔ ነኝ» አልኩ።

የቀስታ ሹም መጀመሪያ ቁልፉን ነው ያየው። ከዚያ የሕጉን መጽሐፍ ገልጦ ቀስ ብሎ አነበበልኝ። «ሠራተኛ ከከፋው ይሰናበታል። መከፋቱ የሚታወቀው ሲመዘን ነው። ተመዝነህ ከተገኘብህ ባለጉዳይዋ መርፌዋን ዛሬውኑ ትጀምራለች፣ አንተ ከክፍልህ ትወጣለህ። ካልተገኘብህ በሥራህ ትቀጥላለህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «ጋሼ፣ ቤትዎን…» አለች። አላስጨረስኳትም፤ ገባሁ።

የመዛኟ ክፍል ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግድግዳው ላይ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚል ተጽፏል። መሐል ላይ አንዲት የሕፃን ወንበር አለች፤ ከፊት ለፊቷ ለአዋቂ የሚሆን ወንበር። መዛኟ ነጭ ጓንት ያደረገች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። አስቀመጠችኝና የአሸዋ ሰዓቷን ገለበጠች።

«ይችን ወንበር እያት» አለችኝ። «ማንም አይቀመጥባትም። ምን ይሰማሃል?»

ይሰማኝ ነበር። በምወደው ሁሉ እምላለሁ፣ ይሰማኝ ነበር። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱ እያለቀሰ በፊቴ ሲወጣ ሲገባ እንደ ድንጋይ የቆምኩበት ፊት አልፈታ አለኝ። ለሌሎች ይህን ብቻ ነው የምነግራቸው። እናንተ ግን እዚህ ድረስ ስላዳመጣችሁኝ የቀረውንም እነግራችኋለሁ፤ አሸዋው ሊያልቅ ሲል ምስማሩ ላይ የሰቀልኩት ቁልፍ ትዝ አለኝ። አልጋዬም ትዝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሚገፋው ነገር ወደ ታች ተመለሰ።

መዛኟ በጓንቷ ዓይኔ ሥር ነካ ነካ አደረገችና አየችው። «ደረቅ» ብላ ጻፈች። ከዚያም ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞህ፣ ሥራህ ላይ ትቆያለህ።»

ስወጣ ትርንጎ ቆማ ነበር። ፊቴን ስታየው መናገር አላስፈለገኝም።

«ሞክረዋል ጋሼ» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሩን ከፈትኩላት። ቁልቁለቱን ወርዳ ከመታጠፊያው እስክትሰወር አየኋት፤ ከዚያ በሩን ዘጋሁ። ሥራዬ ስለሆነ ነው የዘጋሁት።

ረቡዕ ምንም አልሆንኩም። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ዳቦዬን አወጣሁ። እጄ እንደለመደው ለሁለት ቆረሰው። ግማሹን ይዤ ወደ ጎኔ ዘረጋሁት፤ የሚቀበለኝ የለም። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ያ ወደ ታች የተመለሰው ነገር ያን ጊዜ መጣ። ሰልፈኛው እያየኝ፣ ሁለቱም መስኮቶች እያዩኝ፣ አፍንጫዬ እስኪደፈን አለቀስኩ። እሷ ባዶ ቤቷ ስትገባ ታየኝ፣ በር የሚከፍትላት ያ ልጅ ታየኝ፤ መልክም ስምም ሰጠሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ውሻው እኔ ነበርኩ።

እንደዚያው እያለቀስኩ ወደ መዛኟ ሮጥኩ። አሸዋውን መገልበጥ እንኳ አላስፈለጋትም። ጓንቷ እስኪረጥብ ነካችኝና ቀና ብላ አየችኝ። «በሥራ ዘመኔ ይህን ያህል መዝኜ አላውቅም» አለች፤ ተነስታም ጨበጠችኝ። የቀስታ ሹም ደግሞ የጎደለ ወረቀት ስለሌለ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ንባብ ማኅተም መታ። በአንድ እጄ የትርንጎን ፈቃድ፣ በሌላው የእኔን ስንብት ይዤ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩ። ስንብቱ አልተሰማኝም። ልቤ «ሁለት ቀን ነው ያለፈው፣ ሐኪሙን ለምነን ሁለት ቀን እናስጨምራለን» ይል ነበር።

የእሳት ሐኪሙ ቤት ወንዙ ማዶ ነው። ትርንጎ ከመስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ጋደም ብላ አገኘኋት። ክንዷ ላይ ቀጭን ቱቦ ተሰክቷል፤ ቱቦው ውስጥ ቀይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ትናንት ጀመሩልኝ» አለች። «አሥራ አምስቱን ቀን የሰጡኝ ለዘሩ ብለው ነበር። ፈቃድ እንደሌለኝ ስነግራቸው፣ ‹እንግዲያው የሚያቆይሽ ነገር የለም፣ ለሕመሙም በቶሎ ይሻላል› አሉኝ። አልጋ ባዶ ነበር።»

ወረቀቱን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«መቼ ከፋዎት?»

«ዛሬ። ምሳ ላይ።»

«ማክሰኞ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለች። ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም፤ ያልዘነበ ዝናብ ላይ አስተያየት እንደሚሰጥ ሰው ነው ያለችው። ወረቀቱን አጥፋ ትራሷ ሥር አደረገችው። እኔም እዚያው እግሯ ሥር ቆሜ እንደገና አለቀስኩ። ይሄኛውን የመዘነልኝ የለም።

ትርንጎ ዳነች። በዓመቱ ሐኪሙ ጠርቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ነገራት፤ ሕመሙ የለም፣ ዘሩም የለም። ፀጉሯ ተመልሶ በቅሏል፤ ዛሬም ጃንጥላ ትሰፋለች። እኔ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ።

በብርድ ቤቱ ሕግ ግን ማኅተም የተመታበት ጉዳይ አይሰረዝም። ፈቃድ ካለ ብልቃጥ መኖር አለበት፤ ስለዚህ አንድ ባዶ ብልቃጥ ታጥቦ፣ ቁጥር ተለጥፎበት በሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ቅዝቃዜው በቀን ሁለት ጊዜ ይለካለታል። ተቆርቋሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ባለጉዳይዋ እንድትገባ አይፈቀድም፤ የመጠየቅ መብት የተቆርቋሪው ብቻ ነው።

እናም በየዓመቱ እሄዳለሁ። ትርንጎም ኮረብታውን አብራኝ ትወጣና አግዳሚው ላይ ትጠብቀኛለች። ገብቼ ከመደርደሪያው ፊት እቆማለሁ። የቀስታ ሹም «አሁንም ይከፋሃል?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። «ፈርም» ይለኛል። እፈርማለሁ። ስወጣ እሷ «እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔ «እንደነበረ ነው» እላታለሁ። ከዚያ ቁልቁለቱን እንወርዳለን፤ እሷ ወደ ሥራዋ፣ እኔ ወደ ክፍሌ።

ዘንድሮ ሦስተኛው ነበር። ጠዋት ነው የሄድነው። ሹሙ ጠየቀኝ፣ መለስኩ፣ ፈረምኩ። ብዕሩን ሳስቀምጥ አንድ ነገር አሰብኩ። ይህችን ሴት ስሟን ጠይቀዋታል፤ ሥራዋን፣ ባሏን፣ ሕመሟ የት እንደሆነ ጠይቀዋታል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር ኮረብታ ስወጣና ስወርድ «እግርሽን እንዳያዳልጥሽ» ከማለት በቀር የጠየቅኳት ነገር አልነበረም።

ስወጣ እንደ ልማዷ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። «ትርንጎ» አልኳት፣ «አንቺስ ይከፋሻል?»

ሰው የጠራት መስሏት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«አንቺን ነው።»

ከአግዳሚው ጫፍ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «እንግዲያው ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ያኔ ጠዋት ነበር። ነግራኝ ስትጨርስ አዲሱ በረኛ በሩን እየዘጋ ነበር።